በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የገጠር መጠጥ ውሃ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በቦርከና ሸለቆ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዙሪያቸው ያለው ገጠር ውሃ የሚያገኝበት መንገድ በዚህ ቁልቁለት የተወሰነ ነው። በደሴ ዙሪያና በኩታበር ደጋዎች ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ይሰርግና ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ ንጣፍ ሲያገኝ በተራራው ጎን ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ደለል በተኛበት በቃሉ ወረዳ ሜዳ ግን ውሃ የሚገኘው ተቆፍሮ ነው።

ከ1966ቱ ረሃብ በፊት የገጠሩ ሕዝብ በአብዛኛው ከወንዝና ካልተከለለ ምንጭ ይቀዳ ነበር። ከ1966 እና ከ1977 በኋላ የእርዳታ ድርጅቶች ምንጭ ማጎልበትን (የምንጩን ዓይን ቆፍሮና ገንብቶ መከለልን) እና የእርከን ሥራን ይዘው መጡ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በላይኛው ሚሌና ጨለቃ ተፋሰስ ያካሄደው ፕሮግራም አንዱ ነው። እርከኑ በዋናነት የታሰበው ለአፈር ቢሆንም ጎርፉን አቁሞ ውሃውን ወደ መሬት ስለሚያሰርግ፣ የወሎ ገበሬ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ የካበው ካብ ለምንጮቹ ጭምር ባለውለታ ነው። የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 197) ለመጠጥና ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ሰጥቷል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መጠጥ ውሃ መለኪያው በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ከ15 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ 25 ሊትር በሰው በቀን ከፍ ብሏል። ካርታ ላይ 1 ኪሎ ሜትር የሆነው ግን ገደል ወርዶ፣ ሙሉ ጀሪካን አዝሎ ለሚወጣ ሰው ሌላ ነገር ነው።

የአካባቢው ዋልታ የጎለበተ ምንጭ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከመለካት ነው። 20 ሊትር ጀሪካን በ100 ሰከንድ የሚሞላ ምንጭ በሰከንድ 0.2 ሊትር፣ በቀን 17,280 ሊትር ይሰጣል፤ በ25 ሊትር ሲካፈል ለ690 ሰው ገደማ ይበቃል። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ካልተሠራ ግን ይህ ስሌት የወረቀት ነው፤ ሰው የሚቀዳው ጠዋትና ማታ ነውና። ልኬቱም በልግ ሳይጥል፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ በልጉ ከቀረ ደግሞ ሰኔ መግቢያ ላይ መሆን አለበት። መስከረም ላይ ተለክቶ የተሠራ ቦኖ በበጋ ይደርቃል።

ቁፋሮው በአካፋና በዶማ ወደ ምንጩ ዓይን ቀስ እያለ ይሄዳል። ፈንጂ አይሞከርም፤ የሸክላው ወለል ከተበሳ ውሃው ወደ ታች ይሰወራል። ከዓይኑ ፊት የታጠበ ጠጠር ይደረደራል፣ በላዩ ጭቃ ተጠቅጥቆ ይታሸጋል፣ ከዚያ የድንጋይ ግንብ ይቆማል። ዋናው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፦ የመውጫው ቧንቧም ሆነ የትርፍ ውሃ መውጫው ከዓይኑ ከፍ ብሎ ከተተከለ ውሃው ወደ ኋላ ይገፋና ሌላ መንገድ ፈልጎ ይጠፋል። ግንቡ አምሮ ቦኖው የደረቀ ምንጭ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ከዓይኑ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፣ አጥር ይታጠራል፣ የከብት ገንዳም ራቅ ብሎ ከታች ይሠራል። ምንጩ ጠበል ከሆነ ከደብሩ ጋር፣ ለመስጊድ ውዱእ የሚቀዳም ከሆነ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳይነጋገሩ ድንጋይ ማንሳት አያዋጣም።

ውሃው በራሱ ስበት ወደ ታች ጎጦች ሲወርድ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት የ1 ባር ግፊት ይጨምራል። 10 ባር የሚችል ቧንቧ ከ100 ሜትር በላይ ቁልቁለት አይታመንበትም፤ በመሃል የግፊት ማርገቢያ ሳጥን ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ነዳጅም መብራትም አይጠይቅም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ተይዘው መብራት በተቋረጠበት ጊዜ በሞተር የሚገፋ ውሃ ሲቆም፣ በስበት የሚወርድ ምንጭ ሞተር የሚያቆምበት ነገር አልነበረውም።

በሜዳው የሚተከለው አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይስባል፤ የታሰበውም ለ300 ሰው ያህል ነው። ጠዋት ብዙ ተጎትቶ ዘግይቶ ውሃ ከሰጠ ከሥር ያለው ቫልቭ ያፈሳል። ውሃው ከቀነሰ ዩ-ሲል የሚባለው ጎማ አልቋል፤ እጀታው ከተወላገደ ደግሞ ቡሹ፣ ማለትም እጀታው የሚዞርበት የፕላስቲክ ቀለበት። ሦስቱም ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፣ ፓምፕ ለወራት የሚቆመው ግን በእነሱ ነው፤ የውሃ ኮሚቴው በየወሩ የሚሰበስበው መዋጮም መጀመሪያ ለእነሱ መዋል አለበት። ጉድጓድ ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል። አዲስ ወይም የተጠገነ ጉድጓድ በክሎሪን ይታከማል። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር ከሆነ 3.4 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ በሊትር 50 ሚሊግራም ለማድረስ 65 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 260 ግራም ይበጠበጥበታል፣ 12 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ተስቦ ይደፋል። ይህ ግን አንድ ጊዜ ያጸዳል እንጂ ከላይ የሚሰርገውን ፍሳሽ አያቆምም።

የቦርከና ጉዳይ ለብቻው ነው። ወንዙ የደሴን ፍሳሽ ይዞ ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚለቁባቸውን የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ይቀበላል። በለዮሌ ላይ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም የተባለ ብረት በጥናት ተለክቷል። ከከተማው በታች ያሉ አባወራዎች ጉዳት ምን ያህል ነው የሚለው ያከራክራል፤ ክሮሚየምን ግን ማፍላትም ክሎሪንም እንደማያስወግደው አያከራክርም። ስለዚህ በዚያ መስመር ሌላ ምንጭ መፈለግ ይሻላል።

የመጠጥ ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ምንም ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) ሊኖረው አይገባም። ንጹሕ ሆኖ ከምንጩ የተቀዳ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ የሚበከለው በጀሪካኑና በቤት ነው፤ አተት በክረምት ሲነሳ ቦኖውን ብቻ መመርመር የማይበቃውም ለዚህ ነው። ጀሪካን ውስጡ አረንጓዴ ከያዘ ጠጠርና ሳሙና ተጨምሮ እስኪለቅ ይናጣል። እንደ ውሃ አጋር ያለ ፈሳሽ ክሎሪን ሲጨመር 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ የደፈረሰ ውሃ ግን አስቀድሞ ረግቶ በንጹሕ ነጠላ መጠለል አለበት፣ ድፍርሱ ክሎሪኑን ይበላዋልና። ከማስቀመጫው መቅጃ ጣት የማያስነክር፣ እጀታው ረጅም የሆነ ይመረጣል፤ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ከተገኘማ ይበልጥ ጥሩ ነው።