ኳንዛ ምንድን ነው?

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ስለ ኳንዛ መጀመሪያ የነገራችሁ ልጃችሁ ሊሆን ይችላል። የፈረንጅ ገና ሲቃረብ ሰባት ሻማ የተሳለበት ወረቀት ይዞ ከትምህርት ቤት ይመጣል። ሦስት ቀይ፣ ሦስት አረንጓዴ፣ መሀል ላይ አንድ ጥቁር። «የአፍሪካ በዓል ነው» ይላችኋል። እናንተ ደግሞ አፍሪካ ተወልዳችሁ አድጋችሁ እንዲህ ያለ በዓል አይታችሁም ሰምታችሁም አታውቁም።

ብታውቁት ነበር የሚገርመው። የኳንዛ ትውልድ አገሩ ሎስ አንጀለስ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን በዓል ሲሆን በየዓመቱ ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 1 ለሰባት ቀን ይከበራል። በኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ከታኅሣሥ 17 እስከ 23 መሆኑ ነው። ሃይማኖታዊ በዓል አይደለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያከብረዋል፤ ከሁለቱም ያልሆነውም እንዲሁ።

ጀማሪው ማውላና ካሬንጋ ይባላሉ። በፈረንጅ 1965 ኦገስት ላይ፣ ሎስ አንጀለስ ዋትስ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት ሹፌር አስቆመ። ነገሩ ከረረና አካባቢው ለስድስት ቀን ነደደ። 34 ሰው ሞተ። ካሬንጋ ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ታጋይ ናቸው። ሥራና መኖሪያ ብቻውን አይበቃም፣ ጥቁር ሕዝብ የኔ የሚለው ወግና በዓል ያስፈልገዋል ብለው ተነሱ። የዙሉንና የሌሎች አፍሪካውያንን የመኸር በዓላት፣ እሸት የሚቀመስባቸውን፣ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ከዚህም ወስደው አዲስ በዓል ቀመሩ። ስሙንም «የመጀመሪያ ፍሬ» ከሚል የስዋሂሊ ሐረግ ወሰዱ። የመጀመሪያው ኳንዛ በ1966 ዲሴምበር ተከበረ።

እዚህ ላይ የሚስቅ አይጠፋም። «ቁጭ ተብሎ የተፈበረከ በዓል! ደግሞ ስዋሂሊ የምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋ ነው፤ በባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙት አብዛኞቹ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ናቸው። ምን አገናኘው?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን እስቲ በነሱ ቦታ ሆነን እንየው። እኛ ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ጥቁር አሜሪካዊው የዘር ሐረጉን ወደኋላ ሲቆጥር ግን ብዙ ጊዜ 1870 ላይ ይቆምበታል። ከባርነት የወጡትን ሰዎች በስማቸው የመዘገበው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የዚያ ዓመቱ ነው። በ1850 እና በ1860 ለባሮች የተለየ መዝገብ ነበረ። የጌታው ስም ይጻፍና ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም ይደረደራል። የሰውየው ስም በአብዛኛው የለም።

እና አያቶቹ ከየትኛው መንደር እንደተወሰዱ የማያውቅ ሰው የማንን በዓል ያክብር? የዮሩባን? የኮንጎን? ስዋሂሊ የተመረጠው ብዙ ሕዝቦች የሚግባቡበት፣ የአንድ ብሔር ብቻ ያልሆነ ቋንቋ ስለሆነ ነው። እኔ እንደማየው ከዚህ የተሻለ መውጫ አልነበረም።

በዓሉ ቤት ውስጥ ምን ይመስላል? ጠረጴዛ ላይ ሰሌን ይነጠፋል። በላዩ ፍራፍሬና አትክልት፣ ሰባቱን ሻማ የሚይዘው መቅረዝ፣ ሁሉም በየተራ የሚጎነጭበት አንድ ዋንጫ ይቀመጣል። የበቆሎ እሸትም አለ፤ በቤቱ ባሉት ልጆች ቁጥር ልክ። ልጅ የሌለው ቤትም ቢያንስ አንድ ያኖራል፣ የጎረቤት ልጅም ልጁ ነውና። ይቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት።

የመጀመሪያው ቀን መሀል ያለው ጥቁሩ ሻማ ይለኮሳል፤ እሱ ሕዝቡ ነው። ከዚያ በየቀኑ አንድ ሻማ ይጨመራል፣ አንዴ ከቀዩ አንዴ ከአረንጓዴው። ቀዩ ትግሉ ነው፣ አረንጓዴው ተስፋው። እያንዳንዱ ቀን የራሱ መርህ አለው። የመጀመሪያው ኡሞጃ ነው፣ አንድነት። ቀጥሎ ራስን በራስ መወሰን፣ አብሮ መሥራት፣ ኡጃማ (የኢኮኖሚ ትብብር)፣ ዓላማና ፈጠራ ይመጣሉ። መጨረሻው ኢማኒ ነው፣ እምነት። ሰው ሲገናኝ በስዋሂሊ «ሀባሪ ጋኒ?» ይባባላል፤ «ምን ወሬ?» እንደማለት። መልሱ «ደኅና» አይደለም፤ የዕለቱ መርህ ስም ነው።

በተግባር በደንብ የሚታየው አራተኛው ቀን ይመስለኛል። ኡጃማ የሚለውን ቃል የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ለሶሻሊዝማቸው መጠሪያ አድርገውታል። በኳንዛ ግን ወደ ኪስ ይወርዳል፤ ገንዘብህን እዚያው ሰፈርህ፣ ጥቁር ነጋዴ ጋ አውጣ ነው ነገሩ። ስጦታም ቢሆን ዋናው የልጆች ነው፤ ከውስጡ መጽሐፍ እንዳይጠፋ ይመከራል።

ስለ ጀማሪው ደስ የማይለውም መነገር አለበት። ካሬንጋ በ1971 ሴቶችን በማጥቃትና ከሕግ ውጭ አግቶ በመያዝ ወንጀል ተፈርዶባቸው እስከ 1975 ታስረዋል። እሳቸው ክሱን ቢክዱም፣ በዚህ ምክንያት በዓሉን ጨርሶ የማይነኩ ጥቁር አሜሪካውያን አሉ። ሌሎች ደግሞ «በዓሉ ከሰውየው እጅ ከወጣ ቆየ» ይላሉ። ሁለቱንም መረዳት ይቻላል። ለነገሩ አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ኳንዛን አያከብርም። የሚያከብረውም ብዙ ጊዜ ገናንም አይተውም፤ መቅረዙና የገና ዛፉ አንድ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣሉ። ካሬንጋ መጀመሪያ ላይ በዓሉን የገና ተፎካካሪ ያደርጉት ነበር፤ በኋላ ለዝበዋል። በ1997 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የኳንዛ ቴምብር አወጣ።

ከኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር በቀለሞቹ በኩል ነው። ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ የጥቁር ሕዝብ አንድነት ታጋይ የነበረው የማርከስ ጋርቬይ ድርጅት ባንዲራ ቀለሞች ናቸው። ድርጅቱ በ1920 ኒው ዮርክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ባንዲራውን ሲያጸድቅ የጥቁር ሕዝብ መዝሙርም አጽድቋል። መዝሙሩ «ኢትዮጵያ፣ የአባቶቻችን ምድር» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤታችሁ ስለ ኢትዮጵያ ሲያወራ ዓይኑ የሚበራው ያለምክንያት አይደለም።

ከተጋበዛችሁ አይቅርባችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሯችሁ ለካራሙ ነው፣ ዲሴምበር 31 ማታ ለሚደረገው ግብዣ። ቤት ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። ከበሮ ይመታል፤ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ከዋንጫው እያፈሰሱ የሞቱ አያቶችን ስም ይጠራሉ። የናንተንም ሰው ስም ጥሩ ሊሏችሁ ይችላሉ፤ አዘጋጅታችሁ ሂዱ። ለኦርቶዶክስ አንድ ችግር አለው፦ ቀኑ የገና ጾም ውስጥ ነው። ጎመኑን አይታችሁ «ተመስገን፣ የጾም አለ» እንዳትሉ፤ የነሱ ጎመን ብዙ ጊዜ ከተጨሰ ሥጋ ጋር ነው የሚቀቀለው። ባቄላና አተሩም እንደዚያው። ቀደም ብላችሁ ለባለቤቶቹ ንገሯቸው፣ አለዚያም ሽሮና ምስር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁሉም የየራሱን ምግብ ይዞ ስለሚመጣ ማንም አይቀየማችሁም።