ብሎክቼይን ካሜራችንን ይጠብቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሜራ የሰቀለው ሱቅ ብዙ ነው። ኮምቦልቻን የሚያቋርጡ የጭነት መኪኖችም ሲም ካርድ ያለው ጂፒኤስ ይዘው ይሄዳሉ። እነዚህን ዕቃዎች ብሎክቼይን (ብዙዎች በጋራ የሚይዙት ዲጂታል መዝገብ) እና ሰው ሰራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ከጠላፊ ይጠብቁልናል ይባላል። ከሚባለው ግን ያልተጣራ አለ።

"የኔን ካሜራ ማን ይፈልገዋል?"

ጠላፊው የሱቃችሁን ምስል ላይፈልግ ይችላል፤ የሚፈልገው ዕቃውን ነው። ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ካሜራና ራውተር የወረረው ከፋብሪካ የመጡበትን ፓስወርድ እየሞከረ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. የድረ ገጾችን ስም ወደ ኢንተርኔት አድራሻ የሚመራው ዳይን የተባለ ድርጅት ከእነዚሁ ዕቃዎች በተላከ የጥያቄ ጎርፍ ተጥለቅልቆ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙዎች ተቋርጠው ነበር። ካሜራውን የገጠመላችሁ ልጅ ፓስወርዱን ካልቀየረው ዛሬውኑ ቀይሩት።

"ብሎክቼይን ላይ የገባ መረጃ እውነት ነው"

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ብሎክቼይን የተመዘገበው ነገር በኋላ በስውር እንዳይነካ ያደርጋል። እያንዳንዱ መዝገብ የቀደመውን አሻራ (ከይዘቱ በስሌት የሚወጣ መለያ) ስለሚይዝ አንዱን የነካ ሌሎቹን ያፋልሳል። የገባው እውነት ይሁን ውሸት ግን አያውቅም። መድኃኒት የጫነ መኪና ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አስቡት። ማቀዝቀዣው ጠፍቷል፤ የሙቀት መለኪያው ሴንሰር ግን ተነቅሎ በረዶ ያለበት ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል። "4 ዲግሪ" የሚለው ውሸት ማንም በማይፍቀው መዝገብ ይሰፍራል። ስለዚህ ሴንሰሩ ራሱ መታሸግ አለበት። ብሎክቼይን በደንብ የሚያግዘው ሌላ ቦታ ነው። ለምሳሌ አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ፣ ዕቃው የሶፍትዌሩን አሻራ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ካልገጠመ አልጭንም ይላል።

"ብሎክቼይን መብራት ይበላል፤ ለትንሽ ዕቃ አይሆንም"

ያ ቢትኮይን የተባለው ዲጂታል ገንዘብ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው። የሚተዋወቁ ድርጅቶች በጋራ የሚይዙት ብሎክቼይን ያን ያህል ኃይል አይፈልግም። መዝገቡንም የሚሸከመው ሰርቨር እንጂ ሴንሰሩ አይደለም።

"ሰው ሰራሽ አስተውሎት ጠላፊን አይስትም"

ኧረ ይስታል። የሚሠራው የዕቃውን የዘወትር ጠባይ ተምሮ ነው። ከአንድ ሰርቨር ጋር ብቻ ይገናኝ የነበረ ካሜራ ድንገት ሌሊት መቶ አድራሻ ከሞከረ ይጠረጥረዋል። ዕቃው ከመጀመሪያው ተጠልፎ ከነበረ ግን ያንኑ እንደ ጤነኛ ጠባይ ሊማረው ይችላል። ያለ ምክንያት የሚጮህበት ጊዜም አለ፤ ማስጠንቀቂያውን አይቶ የሚወስን ሰው ያስፈልገዋል።

"ሲም ካርድ ካለው ኔትወርኩ ይጠብቀዋል"

ሲሙ ማንነቱን ለኔትወርኩ ያረጋግጣል። በ2ጂ (በቆየው የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ) ግን ኔትወርኩ ለዕቃው ማንነቱን አያረጋግጥም፤ ሐሰተኛ አንቴና ሊያታልለው ይችላል። ይህ የተስተካከለው ከ3ጂ ጀምሮ ነው። በ2ጂ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ ጂፒኤሶች ግን ዛሬም አሉ። ስትገዙ 4ጂ መሆኑን፣ 2ጂውም መዘጋት መቻሉን ጠይቁ።