ስለ ሜክሲኮ ስደተኞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እኛ በሕጋዊ መንገድ ገባን፤ እነሱስ ለምን ወረፋቸውን አይጠብቁም?»

ይህ አባባል በዲቪ አሜሪካ ከገቡ ወገኖቻችን አንደበት ሲወጣ መስማት በተለይ ያሳዝናል። የሜክሲኮ ተወላጅ ዲቪ መሙላት አይፈቀድለትም፤ ሕጉ ባለፉት አምስት ዓመታት በቤተሰብና በሥራ በኩል ከ50,000 በላይ ሰዎች የገቡባቸውን አገሮች ከዕጣው ያስወጣልና። በቤተሰብ በኩልም ቢሆን በኮታ ከሚሰጠው ቪዛ አንድ አገር በዓመት ከ7 በመቶ በላይ እንዳያገኝ ስለተወሰነ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ሜክሲኮ ለሚኖር ወንድሙ ያስገባው ማመልከቻ ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል። ዘመድም ሆነ የሚያመለክትለት አሠሪ ለሌለው የጉልበት ሠራተኛማ፣ በቋሚነት ለመኖር የሚሰለፍበት ወረፋ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል።

«ማንም ሳይጠራቸው መጡ።»

ጠርቷቸዋል እንጂ። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1964 ድረስ፣ ብራሴሮ በተባለው የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት 4.6 ሚሊዮን ገደማ የሥራ ውል ተፈርሟል። ድንበር ላይ ልብሳቸውን አውልቀው ዲዲቲ የተነፋባቸው ብዙ ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዛቸው ለቁጠባ ተብሎ የተቆረጠው 10 በመቶም ለብዙዎች ሳይመለስ ቀርቷል። በካሊፎርኒያ የሰላጣ እርሻዎች ደግሞ እጀታዋ እጅግ አጭር በሆነች መኮትኮቻ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ይውሉ ነበር። ቀና ያለ ሠራተኛ ከሩቅ ስለሚታይ መሣሪያዋ ለተቆጣጣሪው ትመቸው ነበር፤ የስንቱን ወገብ ከጎዳች በኋላ በግዛቲቱ የታገደችው በ1975 ነው።

«የሚባረረው ወረቀት የሌለው ብቻ ነው።»

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በአፈሳ፣ በማስፈራራትና የእርዳታ ገንዘብ በመንፈግ ወደ ሜክሲኮ ሲሸኙ፣ ከመካከላቸው እዚያው አሜሪካ ተወልደው ዜጋ የሆኑ እጅግ ብዙ ልጆች ይገኙ ነበር። ካሊፎርኒያ ስለዚህ በደል በሕግ ይቅርታ የጠየቀችው በ2005 ነው።

«ግብር አይከፍሉም።»

ዕቃ ሲገዙ የሽያጭ ግብር ይከፍላሉ፤ ቤት ሲከራዩም የንብረት ግብሩ በኪራዩ ውስጥ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖረው በመደበኛ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ከክፍያው ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጥበታል፤ ሲያረጅ ግን፣ ሕጋዊ ፈቃድ ካላገኘ በቀር፣ ከዚያ የጡረታ ገንዘብ አንድ ሳንቲም መጠየቅ አይችልም።