እየጠበበ ለሚሄድ ዕቃ የሚሠራ ዙሪያ ሌብል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ እርጎ፣ ቅቤ ወይም ማር አሽገው ለገበያ የሚያቀርቡ አነስተኛ አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚገዙት አፉ ሰፍቶ ግርጌው የጠበበ የፕላስቲክ ኩባያ ወይም ባልዲ ነው። ባዶው ዕቃ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚገባ ለማጓጓዝም ሆነ ለማስቀመጥ ቦታ አይፈጅም። ይኸው ቅርጽ ግን ሌብል የሚሠራለትን ሰው ያስቸግራል። ነገሩን በቁጥር ለማየት እንዲመች አንድ የእርጎ ኩባያ በምሳሌነት እንያዝ፦ ሌብሉ በሚጀምርበት የላይኛው መስመር ዲያሜትሩ 90 ሚሊሜትር፣ በሚያበቃበት የታችኛው መስመር 70 ሚሊሜትር፣ በግድግዳው ላይ ተኝቶ የተለካው ቁመት ደግሞ 80 ሚሊሜትር ነው።

«አራት ማዕዘን ሌብል ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ቢለጠፍ ይበቃል።»

አይበቃም። የምሳሌያችን ኩባያ ዙሪያ ከላይ 283 ሚሊሜትር፣ ከታች 220 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የአራት ማዕዘን ሌብል ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ ግን እኩል ነው። ከፊት በኩል መሃሉ ተስተካክሎ የተለጠፈ ቀጥ ያለ ወረቀት በግራና በቀኝ ወደ አፉ እያዘገመ ይወጣና፣ ከኋላ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ከመነሻው መስመር 26 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብለው ይጠላለፋሉ። ጎትቶ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ሽብሽብ ብቻ ያተርፋል። ዙሪያውን የማይሸፍን፣ 60 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፊት ሌብል ከሆነ ግን ጫፎቹ ከአግድሙ መስመር የሚርቁት አንድ ሚሊሜትር ተኩል እንኳ ስለማይሞላ፣ የማተሚያ ቤት የወረቀት መቁረጫ (ጊሎቲን) የቆረጠው ተራ አራት ማዕዘን ያለ ችግር ያገለግላል። በእኔ ግምት ገና ገበያውን ለሚሞክር አምራች ከዙሪያ ሌብል ይልቅ የሚሻለው ይኸው ነው።

«የሚሳብ ፕላስቲክ ካልሆነ በስተቀር ወረቀት በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ መሸብሸቡ አይቀርም።»

የሾጣጣ ቅርጽ ግድግዳ ሳይሳብና ሳይጨማደድ ተተርትሮ ጠፍጣፋ ሊዘረጋ ይችላል፤ ይህን የማይፈቅደው እንደ ኳስ ያለ ቅርጽ ነው። ሲዘረጋም ከእንጀራ ጠርዝ ላይ በቅስት የተቆረጠ ቁራጭ ይመስላል። ሽብሽብ የሚመጣው ሌብሉ የዕቃውን ከንፈር፣ የግርጌውን መታጠፊያ ወይም ለጥንካሬ የተሠራ ጎድጓዳ መስመር ሲነካ ነው፤ ስለዚህ ከእነዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር መራቅ ያስፈልጋል።

«ቅስቱን በዓይን ገምቶ በኮምፒውተር ማጉበጥ ይቻላል።»

በኢሉስትሬተር (በኮምፒውተር የሥዕልና የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም) የሚገኘው የማጉበጫ ትእዛዝ በመቶኛ የሚሠራ እንጂ የዕቃውን ልክ የሚያውቅ አይደለም። ትክክለኛው ቅስት በቀላል ስሌት ይገኛል። የሁለቱን ዲያሜትሮች ልዩነት እንውሰድ፤ እዚህ 20 ነው። የግድግዳው ቁመት በላይኛው ዲያሜትር ተባዝቶ ለልዩነቱ ሲካፈል የውጭውን ቅስት ራዲየስ ይሰጣል፤ 80 በ90 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 360 ሚሊሜትር ይሆናል። በታችኛው ዲያሜትር ሲሰላ ደግሞ የውስጡ ራዲየስ 280 ሚሊሜትር ነው። የቅስቱ ማዕዘን ልዩነቱ በ180 ተባዝቶ ለቁመቱ ሲካፈል የሚገኘው 45 ዲግሪ ነው። የግራና የቀኙ ጠርዝ እርስ በርስ ትይዩ ሆኖ ሳይሆን ወደ ቅስቱ ማዕከል እያመለከተ መቆረጥ አለበት፤ ለመደራረቢያም በአንድ ወገን 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ይጨመራል። እንዲህ ያለው ሌብል አንዱ በሌላው ጉብጠት ሥር ገብቶ ሲደረደር በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ሁለት ይወጣል።

«ዲያሜትሩን በማስመሪያ መለካት በቂ ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት ምን ያመጣል?»

ከሁሉም የሚያከስረው ይህ አመለካከት ነው። ስሌቱ የሚካፈለው ለዲያሜትሮቹ ልዩነት ስለሆነና ልዩነቱም ትንሽ ቁጥር ስለሆነ፣ ጥቃቅን ስሕተት ተባዝቶ ይመጣል። በምሳሌያችን 90 የሆነው ዲያሜትር 91 ተብሎ ቢጻፍ ራዲየሱ ከ360 ወደ 347 ገደማ ይወርዳል፤ ሌብሉም ከኋላ አይገጥምም። የኩባያ አፍን መሃል በማስመሪያ አግኝቶ መለካት ደግሞ በተፈጥሮው ለስሕተት የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን መለካት ይመረጣል፦ በጣም ቀጭን የወረቀት ሰንጥቅ ወይም የማይሳብ ክር ሌብሉ በሚጀምርበትና በሚያበቃበት መስመር ላይ በየተራ ይጠመጠማል፣ መገናኛው በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል፣ ከዚያም ተዘርግቶ ይለካል። በዙሪያው ላይ አንድ ሚሊሜትር ብንሳሳት እንኳ ራዲየሱ የሚዛባው በ4 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በስሌቱም ውስጥ በዲያሜትሮቹ ፈንታ ሁለቱን ዙሪያዎች አስገብቶ ራዲየሶቹን ማግኘት ይቻላል።

ቁመትን ቀጥ ብሎ ከቆመ ማስመሪያ ጋር ማስተያየትም ተለምዷል። በዚህ ኩባያ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል፤ በጣም በተንጋደደ ባልዲ ላይ ግን ይሰፋል። ማስመሪያውን በግድግዳው ላይ ማስተኛት ነገሩን ይጨርሰዋል።

«ጠርዙ ከተቀሰተ ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ቢቀርም ችግር የለውም።»

እንደ ጽሑፉ ርዝመት ይለያያል። በመሃል ቅስቱ ላይ 40 ሚሊሜትር የሚሆን አጭር መስመር ቀጥ ብሎ ቢጻፍ ጫፎቹ የሚያፈነግጡት በግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ዓይን አያስተውለውም። 100 ሚሊሜትር የሆነ የምርት ስም ግን ጫፎቹ ወደ 4 ሚሊሜትር ይነሱና በኩባያው ላይ ጽሑፉ የጎበጠ ይመስላል። ረጅሙ መስመር ከዚያው ማዕከል በተሠራ ክብ ላይ መጻፍ ይኖርበታል፤ ፊደላቱን በማጉበጫ ትእዛዝ ማጣመም የፊደላችንን ቀጭንና ወፍራም መስመሮች ያበላሻል።

ባርኮድ ፈጽሞ አይጎብጥም። የተለመደው ባለ 13 አኃዝ ባርኮድ መደበኛ መጠኑ ከነባዶ ጠርዙ 37.29 በ25.93 ሚሊሜትር ነው፤ መስመሮቹ እንደ መሰላል ደረጃ አግድም ሆነው ቢቀመጡ ማንበቢያው የሚጓዘው በማይጎብጠው የግድግዳው ቁመት ላይ ስለሆነ በቀላሉ ያነበዋል። መደራረቢያው ላይ ግን አይደረግም።

«ግማሽ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ሁሉ አንድ ነው።»

ይዘቱ እኩል ቢሆንም የየፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ ይለያያል፤ አቅራቢው ከተቀየረ ልኬቱም እንደ አዲስ ይወሰዳል።

«ስቲከር እስከሆነ ድረስ የትም ይጣበቃል።»

የእርጎ ኩባያና የማር ባልዲ ብዙ ጊዜ የሚሠሩባቸው ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢቲሊን ማጣበቂያ በደንብ የማይዛቸው ፕላስቲኮች ናቸው፤ ስለዚህ ለእነዚህ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያለው ወረቀት መጠየቅ ይገባል። አየሩም ድርሻ አለው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ማለዳ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተለጠፈ ሌብል ማጣበቂያው ስለሚጠጥር ጠርዙ ቆይቶ ይነሣል። ዝቅተኛው የመለጠፊያ ሙቀት በአቅራቢው ዝርዝር ላይ ስለሚጻፍ ዕቃውንም ስቲከሩንም ክፍሉ ከሞቀ በኋላ ማገናኘት ይሻላል። ከዚያ ወጥቶ በጣርማበርና በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ ቀዝቃዛ እርጎ ደግሞ ሙቀቱ ሲያገኘው ኩባያው ያልበዋል፤ ለዚህ መንገድ የሚሠራ ሌብል ውኃ የሚያርሰው ተራ ወረቀት ሳይሆን የፕላስቲክ ስቲከር መሆን አለበት፣ እርጥበቱ ከመውረዱ በፊትም ቢያንስ አንድ ቀን ተለጥፎ ሊያድር ይገባል።