ኮምፒውተር ሳይንስ እንደ ምረቃ መስፈርት በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዲፕሎማ ለመያዝ ስንት ክሬዲት (ኮርስ በማጠናቀቅ የሚገኝ ነጥብ) በየትኛው የትምህርት ዓይነት ማሟላት እንዳለበት የሚወስነው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው፤ የከተማ የትምህርት ቦርዶችም የራሳቸውን ሊጨምሩ ይችላሉ። ኮምፒውተር ሳይንስም ከመስፈርቶቹ ተርታ የገባው በየቦታው በተናጠል ነው።

ሐሳቡ አዲስ ይመስላል እንጂ ሳውዝ ካሮላይና አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ክሬዲት ከተመራቂዎቿ መጠየቅ የጀመረችው ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ጉዳዩን ከማንሳታቸው በፊት ነው። ይሁንና ለረጅም ጊዜ የታይፕ ኮርስ የወሰደ ተማሪ መስፈርቱን እንዳሟላ ይቆጠርለት ስለነበር፣ አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ መመረቅ ይቻል ነበር፤ ይህ አሠራር የቀረው እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገ ለውጥ ነው። የመስፈርቱ ክብደት የሚለካው በሕጉ ርዕስ ሳይሆን ክሬዲት በሚያስገኙት ኮርሶች መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

የቺካጎ የትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ግዴታውን ሲያጸድቅ በትልልቅ ከተሞች ዘንድ ቀዳሚ ነበር። በከተማዋ በስፋት የሚሰጠው ኮርስ መነሻው ሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ ተማሪው ከሰውና ከኮምፒውተር ግንኙነት ተነሥቶ በችግር አፈታት፣ በድረ ገጽ ሥራና በፕሮግራሚንግ በኩል እስከ መረጃ ትንተናና ሮቦት ድረስ ይዘልቃል።

አርካንሳስ በበኩሏ በሁለት እርምጃ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁሉም የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን እንዲሰጡ ደነገገች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ አንድ ክሬዲት ግዴታ ሆነ። ይህ ቅደም ተከተል ብልህነት አለው፤ ዋናው ማነቆ የመምህር እጥረት በመሆኑ፣ ፕሮግራሚንግ የሚችል ሰው በተሻለ ደመወዝ ወደ ኩባንያዎች ስለሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ ክፍሉን የሚረከበው በአጭር ሥልጠና የተዘጋጀ የሒሳብ ወይም የቢዝነስ መምህር ነው። የጊዜ ሰሌዳውም የማይለጠጥ በመሆኑ አዲሱ ክሬዲት የሚገባው የሙዚቃን፣ የሥነ ጥበብን ወይም የሌላ ምርጫ ትምህርትን ቦታ ወስዶ ነው፤ አርካንሳስ በሒሳብ ወይም በሳይንስ ክሬዲት ምትክ እንዲያዝ በመፍቀድ ጫናውን አቅልላለች።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ በምትገኝበት በኔቫዳ ግማሽ ክሬዲት ይጠየቃል። በሜሪላንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ ያስገደደው ትምህርት ቤቶች ኮርሱን እንዲያቀርቡ እንጂ ተማሪዎች እንዲወስዱት አይደለም፤ ስለዚህ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የሚዛወር ቤተሰብ የልጁን ትራንስክሪፕት ይዞ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) አስቀድሞ ማነጋገር ይኖርበታል።