ክብደት ለመቀነስ የሚሠራው አመጋገብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ትንሽ ኪሎ ልቀንስ ነው ያለ ሰው ምክር አይቸግረውም። የሥራ ባልደረባው እንጀራ ተው ይለዋል። እህቱ በባዶ ሆዱ ሎሚ በሙቅ ውሃ እንዲጠጣ ትነግረዋለች። ጎረቤቱ ደግሞ ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ የምትሸጥ ሴት ታውቃለች። ሁሉም ለደግ ብለው ነው። ግን ምክሩ እርስ በርሱ ይጋጫል። ሰውየውም ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ሞክሮ ወደ ድሮው ይመለሳል።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ አንድ ዓመት ልትኖሩበት የማትችሉት ዕቅድ፣ የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ለእናንተ አይሆንም። በስልካችን የምናያቸው ዕቅዶች አብዛኞቹ የራሱን ሳህን ለብቻው ለሚበላ ሰው የተሠሩ ናቸው። እኛ ከአንድ ትሪ አብረን እንበላለን። ብዙዎቻችን ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። ድግስ ሲጠሩን እንሄዳለን፣ ጉርሻ ሲሰጡን እንቀበላለን። የሚሠራው አመጋገብ ከዚህ ኑሮ ጋር መስማማት አለበት። እስቲ ደጋግሜ የምሰማቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

"እንጀራ ካልተውኩ አልቀንስም"

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፤ ሰውን ከገዛ ገበታው ያስነሳዋልና። ቤተሰቡ ትሪው ዙሪያ ተቀምጦ እሱ ጥግ ይዞ ሰላጣ ይበላል። ይህ ስንት ሳምንት ይዘልቃል?

አመለካከቱ ሥር የሰደደበት ምክንያት አለው። እንጀራና ዳቦ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ በግልጽ ይወርድለታል። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የካርቦሃይድሬት ስንቅ ያስቀምጣል፤ ግላይኮጅን ይባላል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራው ሲቆም ስንቁ ይሟጠጣል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ከሄደው ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውየው አንድ ቀን እንጀራ ሲበላ ውሃው ይመለሳል። ያን ጊዜ "አያችሁ፣ የሚያወፍረኝ እንጀራ ነው" ይላል።

በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ይህን ክርክር ለመፍታት የተደረገ ነበር። 609 ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ፣ ግማሾቹ ቅባት እንዲቀንሱ ተነገራቸው። ለሁለቱም ወገን አትክልት አብዙ፣ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት ቀንሱ ተባለ። ከ12 ወር በኋላ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት ደግሞ 6 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ይህ ልዩነት አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ አይደለም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ የታየው ነው። በሁለቱም ወገን 30 ኪሎ ገደማ የቀነሱ ነበሩ፤ ጭራሽ የጨመሩም ነበሩ። ስለዚህ የዕቅዱ ስም ብዙ አይነግረንም። ሰውየው ሊይዘው መቻሉን ነው ማየት ያለብን።

በተቃራኒው ደግሞ "ጤፍ አያወፍርም" የሚሉ አሉ። ጤፍ ብረትና ካልሲየም አለው፣ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የለውም፣ ጥሩ እህል ነው። ግን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ350 ካሎሪ (ምግብ የሚሰጠን ጉልበት መለኪያ) በላይ አለው፤ ስንዴም እዚያው አካባቢ ነው። ግሉተን የለውም ማለት ካሎሪ የለውም ማለት አይደለም። ስለዚህ እንጀራውን አትተዉ፣ ለኩት። ሁለት ትበሉ ከነበረ አንድ፣ አንድ ትበሉ ከነበረ ሁለት ሦስተኛውን። ድርሻችሁን ከመጀመሪያው ቆርሳችሁ ፊታችሁ አድርጉ፤ ከትሪው እየቀደዱ ሲበሉ ስንት እንደገባ ማንም አያውቅም። የጎደለውን በጎመን፣ በፎሶሊያ፣ በምስር ሙሉት።

"ፈሳሽ ዘይት ነው፣ ኮሌስትሮል የለውም፣ አያወፍርም"

ለብዙ ቤት ትልቁ ጉዳይ እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ጠርሙሱ ላይ "ከኮሌስትሮል ነፃ" ተብሎ የተጻፈው ውሸት አይደለም። ኮሌስትሮል የሚገኘው በእንስሳት ተዋጽኦ ውስጥ ነው፤ ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት በሙሉ የለበትም። ለልብ ጤና ከሚረጋው ዘይት ይልቅ ፈሳሹ ይሻላል፤ ይህም እውነት ነው። ለክብደት ግን ልዩነት የላቸውም። አንድ ግራም ቅባት፣ ከሱፍም ይምጣ ከፓልም፣ 9 ካሎሪ አለው። ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን 4 ካሎሪ ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን ወጥ ሲሠራ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ድስት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ዘይቱ ከጠርሙሱ በቀጥታ ይንቆረቆራል። እጅ ነው የሚለካው። በማግስቱ ያንኑ ያህል ዘይት መጀመሪያ በሾርባ ማንኪያ እየለካችሁ ኩባያ ውስጥ አድርጉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል ነው። ለአራት ሰው በሚሠራ ሽሮ ስምንት ማንኪያ ቢገባ 960 ካሎሪ ሆነ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 240 ይደርሰዋል፤ የሽሮው ዱቄትና እንጀራው ገና አልተቆጠሩም። በቀን ሁለቴ ወጥ ለሚበላ ሰው ከዘይት ብቻ 480 ነው። ደግሞ ዘይቱ ወርዶ ከወጡ ሥር ያለው እንጀራ ይጠጣዋል፤ ያችን የራሰች እንጀራ ሁላችንም እንወዳታለን።

መፍትሔው ከእናቶቻችን ሙያ ውስጥ አለ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ አቁላሉት። መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ስጡት። በደንብ ከበሰለ በኋላ በርበሬውና ሁለት ሦስት ማንኪያ ዘይት ይግባ። ወጡ አይጎዳም፤ ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላላ ጣዕሙን የሚሰጠው እሱ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው። ማንንም ከገበታ አያስነሳም፤ ለልጁም ለአያትም ይሆናል።

"የጾም ምግብ ስለሆነ አያወፍርም"

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሌሎቹን አጽዋማት ስንጨምር ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ግማሽ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ሁዳዴ ሲገባ ኪሎ እንደሚቀንስ ይጠብቃል፤ ለፋሲካ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጨምሮ ያገኘዋል።

ለምን ቢባል፣ ሳምቡሳ ጾም ነው። ቦምቦሊኖም ጾም ነው። የተጠበሰ ድንች፣ ፓስታ በዘይት፣ የጾም ኬክ፣ ሃላዋ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ሁሉም የጾም ናቸው። ሥጋና ቅቤ ሲወጡ ቦታቸውን ዘይት፣ ዱቄትና ስኳር ይወስዳሉ። በረመዷን ማፍጠሪያ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው።

በያይነቱን ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ሽሮ። ጥራጥሬው ፕሮቲንና አሰር (ፋይበር) ስላለው ሆድ ይይዛል፤ አትክልቱ ደግሞ በትንሽ ካሎሪ ይሞላል። ዘይቱ ከተመጠነ ከዚህ የተሻለ የክብደት መቀነሻ ሳህን አላውቅም። ከውጭ የመጣ ዕቅድ በውድ የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

"16 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ስብ ያቀልጣል"

በሰዓት መብላት አሁን ፋሽን ሆኗል። ለጾመኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቻይና ጓንግዡ የተደረገ ጥናት በ2022 ታትሟል፤ 139 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ነው። ሁሉም ካሎሪ እንዲቀንሱ ተደረገ። ግማሾቹ ግን በተጨማሪ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ተባሉ። ዓመቱ ሲያልቅ በሰዓት የበሉት 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ። በስታቲስቲክስ ሲሰላ ልዩነቱ ጉልህ አይደለም። ሰዓቱ የሚጠቅመው የማታውን መክሰስ ስለሚያስቀርላችሁ ነው። ሲያፈጥሩ የቀኑን ሁሉ አንዴ ለሚያካክስ ሰው አይጠቅምም።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምግብ አታዘግዩ። ስኳር በድንገት ወርዶ ራስን ያስታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም እንዲሁ መጀመሪያ ታማክር።

"ጁስ ጤና ነው፣ ማርም ስኳር አይደለም"

ብርቱካኑን ብትበሉት አሰሩ ሆዳችሁን ይይዘዋል፤ ሁለት በልታችሁ ትቆማላችሁ። ጁስ ሲሆን የአራት ብርቱካን ስኳር በአንድ ብርጭቆ ሳትጠግቡ ይወርዳል። አቮካዶ ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን በረጅም ብርጭቆ ተፈጭቶ፣ ስኳርና ቪምቶ ተጨምሮበት ሲቀርብ ከምሳ በላይ የሚጠጣ ሌላ ምሳ ነው። ማርም ቢሆን በአንድ የሻይ ማንኪያ ሲለካ ከስኳር ካሎሪው አያንስም፤ ማር ስለሚከብድ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን የሚወሰደው ተጨማሪ ስኳር ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ባያልፍ ይመረጣል ይላል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ይይዛል። በቀን ሦስት ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው በቡናው ብቻ ስድስቱን ጨርሷል። ቢራም ይቆጠራል፦ ግማሽ ሊትሩ 200 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ጥብስ ሳይታሰብ።

"ሎሚ፣ ዝንጅብልና ቦርጭ ማጥፊያ ሻይ ስብ ያቃጥላሉ"

አያቃጥሉም። ሎሚና ዝንጅብሉ ጉዳት የላቸውም፤ ከወደዳችሁት ጠጡት። ሻዩ ግን ያሰጋኛል። ብዙዎቹ ውስጥ ሰናመኪ አለበት፤ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ሚዛኑ የሚወርደው ውሃና ሰገራ ስለወጣ ነው። የባሰም አለ። ሲቡትራሚን የሚባል የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ የመጋለጥን አደጋ ስለሚጨምር በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህም "ተፈጥሯዊ" ተብለው በሚሸጡ የማክሻ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ስለዚህ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነገር ወደ ሆዳችሁ አታስገቡ።

"ጂም ከገባሁ የፈለግኩትን እበላለሁ"

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ 300 ካሎሪ አካባቢ ያወጣል። አንድ ሳምቡሳና አንድ ለስላሳ ይመልሱታል። እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለእንቅልፍና የቀነሱትን ኪሎ ለመጠበቅ እጅግ ይጠቅማል፤ አትተዉት። ሆድን ማሠራትም የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ላዩ ላይ ያለውን ስብ ለይቶ አያነሳም። ስብ ከየት እንደሚጀምር ሰውነት ራሱ ነው የሚወስነው።

"ኪሎው የተመለሰው ሰነፍ ስለሆንኩ ነው"

ይህን የሚሉ ሰዎች ፊታቸው ላይ የሚታየው ኀፍረት ያስከፋኛል። በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ሰዎችን ለአሥር ሳምንት በጣም ጥቂት ካሎሪ መግቦ አከሳቸው። ከዓመት በኋላ የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞው አልተመለሱም ነበር። ሰዎቹም ከበፊቱ ይበልጥ ይርባቸው ነበር። ስለዚህ ከከሱ በኋላ የሚመጣው ረሃብ እውነተኛ ረሃብ ነው። ሰውነት የጠፋበትን እየፈለገ ነው።

ለዚህ ነው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል የምለው፤ ባንዳንድ ሳምንት ምንም ባይወርድም። የሚያጠግብ ምግብ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስፈልጋል፦ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ቀይ ሥጋ በልኩ። ዘመድ "ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነው እንዴ?" ማለቱም አይቀርም። ደህና ነኝ ብላችሁ እለፉት።

የሚያስቸግረው ወቅት ከፋሲካ በኋላ ያለው ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ለ50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ሠርግም ጥሪም ይደራረባል። በእነዚህ ሳምንታት በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ተመዘኑ። ሁለት ኪሎ ጨምሮ ከቆየ በዚያው ሳምንት ለስላሳውን አቁሙና የእንጀራውን ልክ መልሱ፤ አምስት እስኪሞላ አትጠብቁ።