«ቫይረሱ አልታየም» ማለት ድኛለሁ ማለት ነው?

የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ታዳጊ በውጤት ወረቀቱ ላይ «አልታየም» የሚል ቃል ሲያነብ «ድኛለሁ» ቢል አይፈረድበትም፤ ጥፋቱ የቃሉ ነው። ቫይረሱ ከሰውነቱ አልወጣም። በደሙ ውስጥ ያለው መጠን መመርመሪያው ሊያገኘው ወደማይችልበት ደረጃ ወርዷል እንጂ፣ መድኃኒቱ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይባዛል። የምሥራቹ ሌላ ነው፦ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እዚህ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። «ዝቅ ብሏል» የሚለው ውጤት ግን ከዚህ ይለያል፤ በዓለም ጤና ድርጅት አገላለጽ ቫይረሱ እየታየ መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1000 የቫይረስ ቅጂ አልበለጠም ማለት ነው።

ይህን ለታዳጊ ማን ያስረዳው? በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2004 በሐራሬ የተጀመረው «ዝቫንዲሪ» የተባለ የታዳጊዎች ድጋፍ ፕሮግራም (ስሙ በሾና ቋንቋ «እንዳለሁት» እንደማለት ነው) ሥራውን የሚሰጠው ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር ለሚኖሩ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ለሆኑ ሠልጣኞች ነው። ቤት ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፣ ይደውላሉ፣ ችግር ሲያዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ሐኪምን አይተኩም፤ መድኃኒትም አይቀይሩም። ነገር ግን ልጁ ለነርሷ «በየቀኑ እወስዳለሁ» ያለውን፣ ለእነርሱ «ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ዘልያለሁ» ብሎ ሊነግራቸው ይችላል።